ሽንት ይዞ መዋል፦ በብልት ጤና ምክር ውስጥ የሚታለፈው ምክንያት

በጎፋ አጥሮች ላይ፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ማንበብ የተለመደ ነው። ጽሑፉ የሚያናግረው ወንዶችን ነው። ሴቶች አጥር ሥር ስለማይገኙ እነሱን ማስጠንቀቅ አላስፈለገም፤ ይዘውት ይውላሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤቷ ወጥታ ማታ አንድ ሰዓት እስክትመለስ አንዴ እንኳ ሽንት ቤት ሳትገባ የምትውል ሴት በዚህች ከተማ ብርቅ አይደለችም።

ስለ ብልት ጤና የሚሰጠው ምክር ግን ከዚህ አይነሳም። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ የሬዲዮው የጤና ፕሮግራም፣ አሁን አሁን ደግሞ በቲክቶክ የሚቀርቡት ባለሙያዎች የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ በየቀኑ መታጠብ፣ የጥጥ ፓንት መልበስ፣ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ሞዴስ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ ሽንት አለመያዝ። አብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን ሁሉም በሴቷ እጅ ላይ ተጀምሮ በሴቷ እጅ ላይ ያልቃል። ስትታመም ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፤ ንጽህናዋን አልጠበቀችም ይባላል። ይህን የሰማች ሴት ቤቷ ገብታ የምታደርገው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ለመሆኑ የምናወራው ስለየትኛው ሕመም ነው? በአንድ ትንፋሽ «ኢንፌክሽን» የሚባሉት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የሽንት ቧንቧና የፊኛ ሕመም ነው፤ ሲሸኑ ያቃጥላል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲሄዱ ግን ጠብ ብሎ ይቆማል። በአብዛኛው የሚያመጣው በአንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሌላው በሴት ብልት ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሚዛን ሲናጋ የሚከሰት ነው። የዓሣ ሽታ ያለው ስስ ፈሳሽ በብዛት የባክቴሪያ ሚዛን መዛባትን ያመለክታል፤ የረጋ ነጭ ፈሳሽ ከኃይለኛ ማሳከክ ጋር ሲመጣ ደግሞ ፈንገስን። ሦስተኛው በግንኙነት የሚተላለፈው፣ አባላዘር የምንለው ነው፦ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ትሪኮሞናስ፣ ቂጥኝ፣ ኸርፐስ።

መነሻቸውም መድኃኒታቸውም ይለያያል። በሰፈር ወሬ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም «ብርድ» ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ነው፣ እርጥብ ልብስ ለብሼ ነው ይባላል። አባላዘርን ምንም ያህል መታጠብ አይከላከለውም። እሱን የሚከላከለው ኮንዶም፣ ምርመራና ጥንዶቹ ሁለቱም አብረው መታከማቸው ነው። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪንም ሳሙና አይነካውም፤ ለእሱ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጥ ክትባት አለ። ስለዚህ የዕለት ተዕለት ልማድ ምን ያህል ይረዳል የሚለው ጥያቄ በተለይ የሚመለከተው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

ከመታጠቡ እንጀምር፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ። የሴት ብልት ውስጡ አይታጠብም። ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመረቱ የውስጡን ፒኤች ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው መጠን ያቆዩታል፤ ሌላውን ጀርም የሚያግደው ይህ አሲድነት ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ፒኤች ደግሞ 9 እና ከዚያ በላይ ነው። ጣት አስገብቶ በሳሙና መታጠብ፣ ዴቶል በውሃ በጥብጦ መጠቀም፣ በጨው፣ በሎሚ ወይም በአቼቶ ማጠብ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ጠርጎ ያስወጣል፤ ስስ የሆነውን የውስጥ ቆዳም ይልጣል። ውስጥን መታጠብ ለባክቴሪያ ሚዛን መዛባትና ለማህፀን ቱቦዎች ኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሽታ ያሳሰባት ሴት አብዝታ ትታጠባለች፤ አብዝታ ስትታጠብ ሽታው ይመለሳል፤ ሽታው ሲመለስ ሽቶ ያለው «የሴቶች ሳሙና» ትገዛለች። ይህን ሳሙና የሚሸጡ ሰዎች ፍርሃቷን ያውቃሉ። አስፈላጊው ነገር ግን እጅን ታጥቦ የውጪውን ክፍል በቀን አንድ ጊዜ በንጹህ ውሃ መታጠብና ማድረቅ ነው።

የወይባ ጢስም አብሮ ይነሳል። ከወሎና ከራያ አልፎ ዛሬ በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች ጭምር የሚሰጥ፣ ብዙ ሴቶች ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት ባህል ነው፤ ለዚያ ዓላማ የሚነቅፈው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፈሳሽ ወይም ቁስለት ላለባት ሴት ግን ጢሱ ምርመራን አይተካም፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ ሙቀት መጨመርም ደግ አይደለም።

እንግዲህ ለመታጠቡ የሚያስፈልገው ውሃ ያን ያህል አይደለም፤ አንድ ጆግ ይበቃል። ውሃ የሌለው ቤት እንኳ ከጀሪካኑ አንድ ጆግ አያጣም። የውሃና የመጸዳጃ ቤት እጦት በርትቶ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በመጠጣትና በመሽናት።

የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የወንዱ ሃያ ገደማ ይደርሳል። ከፊንጢጣ አካባቢ የሚነሳ ባክቴሪያ ወደ ሴቷ ፊኛ የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው፤ መድረሱም አይቀርም። ፊኛ ራሱን የሚከላከልበት ዋናው መንገድ ቀላል ነው፦ በየጊዜው ሞልቶ መፍሰስ። የገባው ባክቴሪያ ሳይራባና ግድግዳውን ሳይዝ አብሮ ይወጣል። ሽንቱ ሲያንስ፣ ሲወፍርና ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ይህ መከላከያ ይዳከማል።

ከሁሉም የልማድ ምክሮች ጠንካራ ማስረጃ ያለው ውሃ በብዛት መጠጣት የሚለው ነው። በጎርጎሮሳውያኑ 2018 የታተመ ጥናት በቡልጋሪያ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውን 140 ሴቶች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በታች ፈሳሽ የሚጠጡ ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ እንዲጨምሩ ተደረገ፤ ሌሎቹ በልማዳቸው ቀጠሉ። ውሃ የጨመሩት በዓመቱ በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። ያለ ምንም መድኃኒት፣ በውሃ ብቻ፣ ሕመሙ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ከግንኙነት በኋላ መሽናት፣ የጥጥ ፓንት መልበስ የሚባሉት ምክሮች አስተዋይነት ያለባቸው ናቸው፣ ጉዳትም የላቸውም፤ ማስረጃቸው ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ሽንት መያዝ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳዩት ጥናቶችም የውሃውን ያህል ጠንካራ አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱን ማን ይነጥላቸዋል? አንድ ሊትር ተኩል የጨመረ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ይሸናል። የት?

እዚህ ላይ ነው ምክሩ የሚሰበረው። አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ ሴትን ለምን ውሃ እንደማትጠጣ ብትጠይቋት «ሽንቴ ይመጣብኛል» ትላለች። ይህ ግድየለሽነት አይደለም፤ በልምድ የተሠራ ስሌት ነው። አስተማሪዋ በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለውን ርቀት ታውቃለች፤ የልብስ መደብር ሠራተኛዋ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሆነ ታውቃለች፤ ትራፊክ ፖሊሷ አደባባዩ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆም ታውቃለች። ስለዚህ ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ ጠጥታ እስከ ማታ ትዘጋዋለች። የጤና ባለሙያው «ውሃ ጠጪ» ሲላት ትስማማለች፤ ነገ ግን የምትሄደው እዚያው ሥራዋ ቦታ ነው።

ጎፋን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ምክንያቱም ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ዓይነት ኑሮ ስለሚገናኝበት። ኮንዶሚኒየሙ አለ፣ በየግቢው የተጠጋጉ የቀድሞ ቀበሌ ቤቶች አሉ፣ በየመንገዱ ሕንፃ ይወጣል፣ የታክሲ ተራውና ጉልቱ አብረው ይውላሉ። በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ጥላ ወዴት ትሄዳለች? ጎረቤቷ ታይላት ይሆናል፤ ደንብ አስከባሪ ከመጣ ግን ጎረቤቷም የራሷን ይዛ ትሮጣለች። አጠገቧ ያለው ካፌ ሽንት ቤት አለው፤ ለደንበኛ ነው። አንዲት ሴት ሽንት ቤት ለመግባት ስትል ያላሰኛትን ማኪያቶ ታዛለች፤ የጉልት ሻጯ የዕለት ትርፍ ግን ይህን ወጪ አይችልም። በግንባታ ቦታ አሸዋ የምታመላልሰው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የወንዶቹን ሽንት ቤት፣ እሱም ካለ፣ በር ሳይኖረው በማዳበሪያ ተጋርዶ ታገኘዋለች። ታክሲ ሹፌሩ ሌላው ቢቀር ባዶ ሃይላንድ አለው።

ቤት መግባትም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳገኘው፣ በከተሞች የተሻሻለ የብቻው መጸዳጃ የነበረው ቤተሰብ 16 በመቶ ነበር፤ 35 በመቶው ደግሞ ሌላ ጉድለት የሌለበትን መጸዳጃ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ይጋራ ነበር። የጋራ ሽንት ቤት ማለት ማታ ግቢ ማቋረጥ፣ መብራት የሌለው ጥግ፣ መቀርቀሪያው የወለቀ በር ማለት ነው። ለሴት ልጅ ይህ የድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ ጥቃትን መፍራት ምክንያት አለው። ስለዚህ ከምሽት በኋላም ውሃ አይጠጣም፤ ወይም ፖፖ ይቀመጣል።

ኮንዶሚኒየም የራሱ መጸዳጃ አለው፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነው። የከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ከአቃቂ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚመጣ ውሃ ላይ በእጅጉ ይደገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ውሃው ሲለቀቅም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ የማይደርስበት ቀን ብዙ ነው። ሮቶ ያለው ያጠራቅማል፤ የሌለው ሃያ ሊትር ጀሪካን በደረጃ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው ለመሠረታዊ ፍላጎት በቀን የሚያስፈልግ የሚለው መጠን ወደ ሃያ ሊትር ነው፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየቀኑ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። አምስት ሰው ባለበት ቤት አምስት ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ማውጣት የማን ሥራ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ውሃ በዚህ ዋጋ ሲገኝ ሽንት ቤት የሚደፋው ባሊ ይቆጠባል፤ ልጆች «አሁን አትሂዱ» ይባላሉ፤ ለመጠጥ የተቀመጠውም ውሃ በልክ ይጠጣል።

በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ የምትቆይ ሴት አለች፤ በረመዳን እስከ ፀሐይ መጥለቂያ። ጾሙን የሚነካ ምክር እዚህ አይሰጥም፤ በቀሩት ሰዓታት ማካካስ ይቻላልና። ጾሙ በማይኖርበት ወቅት ግን በሽንት ቤት እጦት የተነሳ ተመሳሳይ ጥማት ውስጥ መዋሏ ማንም ያላዘዘው ነው።

ልጃገረዶች ላይ ነገሩ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ሽንትና ሰገራ ይዞ መዋል በልጆች ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዲመላለስ ከሚያደርጉ የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ሲሸት፣ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ወይም መምህሩ «እረፍት ላይ አትሄጂም ነበር?» ብሎ ሲከለክል ልጅቷ መያዝን ትለምዳለች፤ የለመደችውን ይዛ ታድጋለች። የወር አበባ ሲጀምራት ችግሩ እጥፍ ይሆናል፤ ሞዴስ የሚቀየረው እዚያው ሽንት ቤት ውስጥ ነውና። ስለ ሞዴስ ዋጋ ብዙ ተብሏል፤ ከውጭ በሚገባው ላይ የነበረው የጉምሩክ ቀረጥ ከዘመቻ በኋላ ከ30 ወደ 10 በመቶ መውረዱም ጥሩ እርምጃ ነበር። ታጥቦ የሚመለስ ሞዴስ መቀሌ ላይ ማምረት የጀመረችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በጎርጎሮሳውያኑ 2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ መሸለሟም ጉዳዩን ከጓዳ አውጥቶታል። ነገር ግን ታጥቦ የሚመለሰው ሞዴስ ጤና የሚሆነው በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ነው። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ተካሂዶ በጎርጎሮሳውያኑ 2015 የታተመ ጥናት መልሰው የሚጠቀሙ ሴቶች ላይ የብልትና የሽንት ኢንፌክሽን በዝቶ አግኝቷል። ጨርቁን መኮነን ቀላል ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከወንድሞቿና ከአባቷ ጋር የምትኖር ልጅ ግን ጨርቁን ገመድ ላይ ማስጣት አታፍርም ወይ? ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች፤ እርጥብ እንደሆነ መልሳ ታደርገዋለች። ፀሐይ የሚደርስበት፣ ሌላ ሰው የማያይበት ትንሽ ቦታ ቢኖራት ያው ጨርቅ ችግር አልነበረውም።

መዘዙ የሚታየው ፋርማሲ ላይ ነው። ሴትየዋን ስትሸና ያቃጥላታል፤ ጤና ጣቢያ ሰልፉ ረጅም ነው፤ የቀን ሥራ ትቶ መሰለፍ ገንዘብ ነው። ወደ ቅርቡ ፋርማሲ ገብታ ባንኮኒው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ እንደሌለበት ቢታወቅም ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን ይዛ ትወጣለች። ሁለት ቀን ወስዳ ሲሻላት ታቆመዋለች። አንቲባዮቲኩ በሽታ አምጪውን ብቻ አይመርጥም፤ ላክቶባሲለሶቹንም ይቀንሳል፤ ሜዳው ባዶ ሲሆን ፈንገስ ይነሳል። አሁን ያሳክካታል፤ ነጭ ፈሳሽ ታያለች። «ንጽህና ጎድሎኝ ነው» ብላ ውስጧን በሳሙና ትታጠባለች፤ ሽታ ይከተላል። ቀጥሎ ሜትሮኒዳዞል፣ ቀጥሎ ክሎትሪማዞል። ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት የወሰደች ሴት ታሪክ ከጀርባው አንድ ያልተሸና ሽንት ሊኖር ይችላል። ይህን ሰንሰለት ከመነሻው የሚጠይቃት ሰው ግን የለም። ኢ. ኮላይ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል መድኃኒቱን መልመድ ይማራል፤ የነገዋ ታማሚ በርካሹ ክኒን የማትድነው ለዚህ ነው።

ጤና ጣቢያ የደረሰችዋም ቢሆን ሁልጊዜ ትክክለኛ ምርመራ ታገኛለች ማለት አይደለም። ፈሳሽ ላለባት ሴት በብዙ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ ምልክቱን አይቶ የሚጠረጠሩትን በሽታዎች አንድ ላይ ማከም ነው። ላቦራቶሪ በማይደረስበት አገር ይህ አካሄድ ብዙ ሰው አድኗል፤ አባላዘርን ሳይታከም ከማስቀረት ይሻላል። የራሱ ዋጋ ግን አለው። ፈንገስ ብቻ የያዛት ባለትዳር ሴት የአባላዘር መድኃኒት ተሰጥቷት «ባልሽንም አምጪው» ስትባል ቤት ውስጥ የሚነሳውን መገመት አያቅትም። «ከየት አመጣሽው?» የሚለው ጥያቄ ትዳር ያፈርሳል። ፈንገስ በአብዛኛው ከግንኙነት የሚመጣ አይደለም፤ ከአራት ሴቶች ሦስቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስባት ሴት ደግሞ የደም ስኳሯን መለካት ይገባታል እንጂ ጠባይዋ መመርመር የለበትም።

እርጉዝ ሴት ላይ ጉዳዩ ከማቃጠል ያልፋል። ከ100 እርጉዞች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳይሰማቸው በሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ካልታከሙ ከእነዚህ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት ወደ ኩላሊት የወጣ ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል። ያለ ጊዜው መውለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃንም አብሮ ይመጣል። የእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጠው የሽንት ምርመራ እንደ ተራ ፎርማሊቲ የሚታለፍ ሳይሆን ተጠይቆ የሚሠራ ነገር መሆን ያለበት ለዚህ ነው። እርግዝና ሽንትን እንደሚያመላልስ የማያውቅ የለም። ሆኖም ስምንት ወሯን ይዛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት ፊት የሚከፈት በር በጎፋ መንገዶች ስንት ነው?

ለወንዶች የሚባለው አጭር ነው፤ ያልተገረዘ ወንድ ሸለፈቱን ገልጦ በውሃ መታጠብ፣ የተገረዘም ቢሆን ከአባላዘር ነፃ እንዳልሆነ ማወቅ። ወጣት ወንድ ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ብዙም ስለማያጋጥም ሲከሰት መመርመር አለበት። ከዚያ ውጭ የወንዶች ድርሻ ሚስት ታክማ ባል ሳይታከም ሕመሙ እየተመላለሰ እንዳይኖር አብሮ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» የሚል ዘመቻ ተጀምሮ ለሕዝብ መጸዳጃዎች ግንባታ ገንዘብ ተሰብስቧል። በኮሪደር ልማቱም በየዋና ዋና መንገዱ አዳዲስ መጸዳጃዎች ተሠርተዋል። ለረጅም ዓመታት የሚያፍሩበት የነበረ ጉዳይ የመንግሥት አጀንዳ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲሶቹም ከቀድሞዎቹ ጋር አይነጻጸሩም። ጥርጣሬዬ ሌላ ላይ ነው። መጸዳጃ የሚቆጠረው በሕንፃ ብዛት ነው፤ ሴት የምትቆጥረው ግን በሰዓት ነው፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይከፈታል ወይ? ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላስ? ውሃ በፈረቃ በሚቋረጥበት ቀን ክፍት ነው ወይ? ሳሙና አለ? መቀርቀሪያው ይሠራል? የሞዴስ መጣያ አለው? ለሴቶችና ለወንዶች እኩል በሮች ማድረግ ደግሞ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ሴት ልብሷን አውልቃ፣ ልጇን ይዛ፣ ሞዴሷን ቀይራ ለመውጣት የምትወስደው ጊዜ ስለሚበልጥ ሰልፉ ሁልጊዜ የእሷ ነው። ኮሪደሩ የሚያልፈውም በሰፊው ጎዳና ላይ ነው። ጉልቱ፣ የግንባታ ቦታውና የቀበሌ ቤቱ ያሉት ከጎዳናው ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው።

አሠሪዎችም አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አሥር ሴቶች አሸዋ በሚያመላልሱበት ቦታ የሚዘጋ በር ያለው ሽንት ቤት አለመኖሩ የዚህ ግዴታ ጉድለት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ቆርቆሮ፣ በር፣ መቀርቀሪያና አንድ በርሜል ውሃ ነው የተጠየቀው። የሱቅ ባለቤትም ለሠራተኛው የሽንት ቤት ቁልፍ መስጠት ምንም አያስከፍለውም።

ይህ እስኪሆን ሴቶች በያዙት ምን ያድርጉ? ውሃን ለማታ ከማስቀረት ጠዋት ከመውጣት በፊት አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ከቤት ሳይወጡ መሽናት፤ በሥራ ቦታ አንድ ሽንት ቤት ለይቶ በምሳ ሰዓት የግድ መጠቀም፤ ማታ ሲመለሱ እንደገና መጠጣት። ሽንት ጠቆር ብሎ ወፍሮ ከታየ ሰውነት ውሃ እንደጎደለው ይናገራል። እርጥብ ፓንትና በላብ የራሰ ሱሪ ቶሎ መቀየር፤ ሞዴስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ውስጥ መቀየር፤ ውስጥን ፈጽሞ አለመታጠብ። ማቃጠሉ ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎን ሕመም ወይም ከማስታወክ ጋር ከመጣ፣ ሽንቱ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ታማሚዋ እርጉዝ ከሆነች ፋርማሲ ሳይሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ።

አንድ ነገር ደግሞ ከወረዳው ይጠበቃል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። ቅጻቸው ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ «ቀን ቀን የት ነው የሚሸኑት?» የሚል፣ በጎፋ እያንዳንዱ ወረዳ የትኛው ጉልት፣ የትኛው ትምህርት ቤት፣ የትኛው የግንባታ ቦታ ሴቶቹን ውሃ አስጠምቶ እንደሚያውል በጥቂት ወራት ውስጥ በወረቀት ላይ ይገኝ ነበር። ቀጣዩን የሕዝብ መጸዳጃ የት እንደሚሠሩ ለሚወስኑት ሰዎች ያ ወረቀት ይበቃቸዋል።